የተዋናይ ፊት ካሜራ ሲጠጋው ለምን የውሸት ይመስላል?

ቀሃ ፊልም፦
ጤና ይስጥልን። እዚህ ጎንደር አጭር ፊልም እየቀረጽን ነው፤ በስልክ። ሁለት ትዕይንት አልሆነልንም። አንደኛው ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ሁለት እህትማማቾች ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገናኙበት፣ ሁለተኛው የመርዶ ትዕይንት ነው። ልጆቹ መድረክ ላይ ጎበዞች ናቸው። ስንጠጋቸው ግን ፈገግታው ከአንገት በላይ፣ ለቅሶውም የይስሙላ ይሆናል። ተመልካች «ይሄ እውነት አይደለም» የሚለው የትኛውን የፊት ክፍል አይቶ ነው? ተዋናዩንስ ምን ብለን እንዘዘው? «የዓይን ጥግ ካልተሸበሸበ ፈገግታው ውሸት ነው» የሚባለውስ ልክ ነው?

አንገረብ፦
ግማሹ ልክ ነው። ነገሩን ያመጣው ዱሼን ደ ቡሎኝ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እያነቃቃ ፎቶ ያስነሣ ነበር፤ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1862 አሳተመ። የከንፈርን ጥግ ወደ ጉንጭ የሚስበው ጡንቻ በፈቃድ ይታዘዛል፣ ዓይንን የከበበው ጡንቻ ግን ከልብ ደስታ ጋር ነው የሚንቀሳቀሰው ብሎ ደመደመ። ኤክማንና ፍሪሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት የፊት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ ሥርዓት የከንፈሩ ቁጥር 12፣ የዓይን ዙሪያው ደግሞ ቁጥር 6 ነው።

ችግሩ ሰፊ ፈገግታ ብቻውን ጉንጭን ወደ ላይ ገፍቶ የዓይንን ጥግ ይሸበሽባል። ስለዚህ ሽብሽቡን ተዉትና በቅንድብና በላይኛው የዓይን ቆብ መካከል ያለውን ቆዳ እዩ። የዓይን ዙሪያው ጡንቻ ከሠራ ያ ቆዳ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ የቅንድቡም ውጫዊ ጫፍ አብሮት ይወርዳል። ይህም ቢሆን ማረጋገጫ አይሆንም። ቁጥር 6ን ሆን ብለው የሚያሳዩ ሰዎች ብዙ እንደሆኑ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ጥሩ ተዋናይማ ሥራው ነው።

እኔ ከቅርጹ ይልቅ ጊዜውን አምናለሁ። ከልብ የመጣ ፈገግታ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎም ይከስማል። የታዘዘ ፈገግታ በአንዴ ጫፍ ላይ ይወጣና እንደተለጠፈ ይቆያል፤ ከዚያ ድንገት ይወድቃል። አብዛኛው ትክክለኛ ስሜት ፊት ላይ ከግማሽ ሰከንድ እስከ 4 ሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው። ስለዚህ እህቷ ሳትደርስ ፈገግታዋን ይዛ የምትጠብቅ ተዋናይ የሠርግ ፎቶ እየተነሣች ትመስላለች። ድንጋጤ ደግሞ ከሁሉም ያጥራል፤ አፍ ከፍቶ 3 ሰከንድ የሚቆም ሰው ደንግጫለሁ እያለ ነው እንጂ አልደነገጠም።

ግራና ቀኙ አለመመጣጠንም ይጠቅማል፤ የታዘዘ ፈገግታ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ንቀት ግን በተፈጥሮው በአንድ ጎን የሚታይ ስለሆነ እዚያ ላይ ይህን መለኪያ አትጠቀሙ። ሲፈጠርም ፊቱ ያዘነበለ ሰው አለ፤ መጀመሪያ ፊቱን ዝም ባለበት ቅረጹትና አስተያዩ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በፈቃድ የሚመጣውና በስሜት የሚመጣው እንቅስቃሴ ከአንጎል የሚነሡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው «ፈገግ በል» ሲባል የፊቱ ግማሽ እምቢ ብሎት፣ ቀልድ ሲሰማ ግን ሁለቱም ጎን የሚስቅበት ጊዜ አለ። በፓርኪንሰን ሕመም በተቃራኒው ሳይታዘዝ የሚመጣው ገጽታ ይደበዝዛል።

የአዘዞ ብርሃን፦
አንገረብ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ተዋናዩን ከመውቀሳችሁ በፊት ስልኩን መርምሩት። ቆዳ የሚያለሰልሰው የውበት ማጣሪያ በርቶ ከሆነ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጥቃቅን መስመር ሁሉ ያጠፋል፤ የቀረው አፍ ብቻ ነው። አጥፉት።

ቀጥሎ ፀሐይ። ፋሲል ግቢ እኩለ ቀን ላይ ፊቷን ወደ ፀሐይ ያዞረች ልጅ ዓይኗን ታጠባለች፣ ጉንጯ ይነሣል፣ ግንባሯ ይቋጠራል። ያ የዓይን ዙሪያ ጡንቻ የሚሠራው በደስታ ብቻ ስላልሆነ፣ ከላይ የተቆጣች ከታች የምትስቅ ሰው ትሆንባችኋለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ በግንቡ ጥላ ሥር ቅረጹ። ብርሃኑ ከጎን፣ ከ45 ዲግሪ አካባቢ ይምጣ፤ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ሽብሽቡን ይደፍነዋል። በሌላኛው ጎን ነጭ ጋቢ ዘርግታችሁ ብታንጸባርቁ ይበቃል፣ ዕቃ መከራየት አያስፈልግም።

ርቀትም አለ። ስልኩን ወደ ፊት ካስጠጋችሁት አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ራቁና ሁለተኛውን፣ አቅርቦ የሚያሳየውን ሌንስ ተጠቀሙ። በሰከንድ 25 ምስል ከቀረጻችሁ እያንዳንዱ ምስል 0.04 ሰከንድ ነው፤ ፈጣን የፊት ብልጭታ (ፊት ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ስሜት) አንድ ምስል ላይ ብቻ ሊያዝ ይችላል። ለልምምድ 50 አድርጉት። ማታ በመብራት ስትቀርጹ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት (ሻተር ስፒድ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ይሁን፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ፍጥነት ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

የመድረክ ጀርባ፦
እኔ ወደ መርዶው ልግባ። እንባ ላይ አታተኩሩ። ሜንቶል ዓይን ያቀላል፣ እንባም ያወርዳል፤ ግንባሩ ግን ዝም ይላል፣ የሚያጋልጠውም እሱ ነው። ያዘነ ሰው የቅንድቡ ውስጠኛ ጫፍ፣ በአፍንጫ በኩል ያለው፣ ወደ ላይ ይነሣል፤ ግንባሩ መሐል ላይ አጭር ሽብሽብ ይወጣል። ይህን በፈቃዱ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ከከበዳቸው ሙሉውን ቅንድብ ያነሣሉ፣ ያኔ ሐዘን ሳይሆን መደነቅ ይሆናል።

ስለዚህ «ቅንድብሽን አንሺ» ብሎ ማዘዝ አይሠራም። «አልቅሺ»ም አትበሏት። የምትሠራው ነገር ስጧት፦ እናቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ማፈን፣ ነጠላዋን አስተካክላ መቆም፣ የተነገራትን ስም ደግማ መጥራት። ያዘነ ሰው ብዙ ጊዜ ለቅሶውን ለመያዝ ነው የሚታገለው፤ ከንፈሩን ይጨምቃል፣ አገጩ ይኮማተራል፣ ይውጣል። ተዋናይ ደግሞ ለማልቀስ ይታገላል። ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ፊት ከቃል ይቀድማል ወይም አብሮ ይሄዳል። «ወይኔ!» ብላ ከጮኸች በኋላ ፊቷ የሚከፋ ከሆነ ተበላሽቷል። ንዴትም እንዲሁ ነው፤ ጮኾ ጨርሶ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ያስቃል።

ፊትን ብቻ አስጠግቶ መቁረጥም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾች ነጥብ ሲያገኙና ሲያጡ የተነሡት ፎቶ ለሰዎች ቀርቦ ነበር፤ ፊቱን ብቻ ያዩት ያሸነፈውን ከተሸነፈው አልለዩም፣ አካሉን ያዩት ግን ለዩ። ስሜት ጫፍ ሲደርስ የሳቅና የለቅሶ ፊት ይቀራረባል። እህትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ትከሻና እጅ ክፈፉ ውስጥ ይግባ።

በነገራችን ላይ፣ ለቅሶ ቤት በዜማና በወግ ማልቀስን «የውሸት» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። ሙሾ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓት ስላለው ሐዘኑ የለም ማለት አይደለም።

ቀሃ ፊልም፦
እጅግ እናመሰግናለን። አንድ ልጨምር፤ ከቡድናችን አንዱ በፊት ብልጭታ ውሸታምን መለየት ይቻላል ይላል። ተዋናይ ስንመርጥም «ስሜቱ የእውነት ነው» የሚለውን በዚህ እንለካ ብሏል።

አንገረብ፦
እሱን ቢተወው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩት ቦንድና ዴፓውሎ ሰዎች እውነትና ውሸትን በትክክል የሚለዩት በአማካይ 54 በመቶ ያህል እንደሆነ አግኝተዋል፤ ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ነው። ብልጭታው አለ፣ ከ1/25 እስከ 1/5 ሰከንድ የሚቆይ። የሚነግራችሁ ግን ስሜት መኖሩን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። እውነተኛ ሰው አልታመን ይሆናል ብሎ ሲፈራ ፊቱ ላይ የሚታየው ያው ፍርሃት ነው።

የአገሩንም ልማድ ማወቅ ይጠይቃል። እኛ ቅንድብ አንሥተን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስንስብ «አዎ» ማለታችን ነው፤ የማያውቅ እንግዳ ደነገጡ ይላል። በታላላቆች ፊት ዓይን መስበር ጨዋነት ነው፣ የሚደብቀው ነገር ስላለ አይደለም። ስትስቅ በነጠላ አፏን የምትሸፍን ሴትም አለች፤ እዚያ ላይ ያላችሁ የላይኛው የፊት ክፍል ብቻ ነው።

ለመረጣ ይህን አድርጉ። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ደቂቃ ስለ ተራ ነገር አናግሩትና ቅረጹት፤ የምታነጻጽሩበት መነሻ እሱ ነው። ከዚያ ትዕይንቱን ያሠሩት፣ «ጀምር» ከማለታችሁ 5 ሰከንድ በፊት ካሜራው ይብራ፣ «በቃ» ካላችሁም በኋላ 5 ሰከንድ አትዝጉ። ድምፁን አጥፍታችሁ በሩብ ፍጥነት እዩ፤ መጀመሪያ የስክሪኑን ታች በወረቀት ሸፍናችሁ፣ ቀጥሎ ላዩን። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ያየውን ስሜት ይጻፍ። ላይና ታቹ የተለያየ ስሜት ካሳየ፣ ወይም ሁለቱ ጸሐፊዎች ካልተስማሙ፣ ትዕይንቱን ድገሙት። ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ ግን በተከታታይ አትደጋግሙ፤ ፊቱ ቃሉን እንደ ሸመደደ ሁሉ ገጽታውንም ይሸመድደዋል። ሻይ አጠጡት፣ ሌላ ትዕይንት ቅረጹና ተመለሱበት።