የሲሊኮን ጆሮዬ 14 ወሩ ነው፤ ቀለሙ ሄደ፣ ጠርዙ ተቀደደ። ልጠግነው ወይስ ልተወው?

ናዝሬት ባጃጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ተገልብጬ የቀኝ ጆሮዬን አጣሁ። መስማቱ ደህና ነው፤ የሄደው የውጪው ነው። ወንድሜ ረድቶኝ ሕንድ ሄጄ የሲሊኮን ጆሮ አሠራሁ። በሙጫ የሚለጠፍ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ከፍራንኮ መብራት ኃይል ስመላለስ አንድም ተሳፋሪ አላወቀብኝም። አንዲት እናት ብቻ «ልጄ፣ አንዱ ጆሮህ አያልበውም እንዴ?» አሉኝ።

አሁን ግን ያስታውቃል። እኔ በፀሐይ ስጠቁር እሱ እየገረጣ ሄደ። ከላይ በኩል ጠርዙ የጥፍር ያህል ተቀዷል።

እውነቱን ልናገር፣ የኔም ጥፋት አለበት። ሙጫው ሲደራረብብኝ በቤንዚን አጠብኩት። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ! ክው አልኩ። ሲያድር ደርቆ ወደ ልኩ ተመለሰ። ግን ላዩ ላይ የነበሩት ቀላ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አብረው ለቀቁ። የተቀደደውን ደግሞ በሱፐር ግሉ ያዝኩት። በሁለተኛው ቀን እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሳ።

ሰፈራችን አሉሚኒየምና መስታወት የሚሠራ ልጅ አለ። «የመስኮት ሲሊኮን ላድርግበት፣ ያው ሲሊኮን አይደል?» ይለኛል። ባለቤቴም የሲሊኮን ኬክ መጋገሪያ አላት። አምስት ዓመት ሙሉ ምድጃ ገብቶ ይወጣል፣ ምንም አልሆነም። የኔው ምን ነክቶት ነው? ተሸውጄ ይሆን? ወረቀቱ ላይ ኤ-2186 ይላል።

ጋሪ ሰፈር፦

ቫዝሊን ቀባ ቀባ አድርገው፣ ይለሰልሳል። የባጃጅ ጎማ መሰለህ እንዴ በቤንዚን የምታጥበው? 😂

የላብራቶሪ ሰው፦

ወንድሜ፣ ቫዝሊኑን እርሳው። ቅባት የነካው ቦታ ላይ ሙጫ አይዝም፤ ተሳፋሪ ጭነህ እጅህ ላይ ይወድቃል።

አዲስ አበባ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንደ ጆሮና አፍንጫ ያለ የፊት አካል ሥራም ይገጥመኛል። አልተሸወድክም። ኤ-2186 በሙያው የታወቀ፣ በፕላቲነም የሚጠነክር ሲሊኮን ነው። የፊት ሥራ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። በስድስት ወሩ የሚቀየርም አለ። አሠሪዎቹ ይህን ሳይነግሩህ ከሸኙህ እሱ ጥፋታቸው ነው።

የኬክ መጋገሪያው ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሲሊኮን ራሱ ሙቀት አይፈራም፤ 200 ዲግሪ ይችላል። ግን መጋገሪያው ወፍራም ነው፣ አያልበውም፣ ማንንም መምሰል የለበትም። ያንተ ጆሮ የተጎዳው ጆሮ እንዲመስል ሲባል በተደረገለት ነገር ነው። ከቆዳህ ጋር መጋጠሚያው እንዳይታይ ጠርዙን እንደ ወረቀት አሳስተውታል። በየማታው ስትልጠው የሚቀደደው እሱ ነው። ቆዳ ለመምሰል ደግሞ ቀለም ተደባልቆበታል፣ ላዩ ላይም ተቀብቷል። ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል። አዳማ ከባህር ወለል 1600 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍ ባልክ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ይጨምራል፣ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል። ባጃጅ ደግሞ ጎኗ ክፍት ነው። ላብና የቆዳ ቅባት ከሥር ይሰርጋሉ። ለስላሳ ሲሊኮን አቧራም ይስባል፤ የአዳማን ነፋስ ለአንተ አልነግርህም። ከሁሉም ቀድሞ የሚያስቀይረው ቀለሙ ነው።

ቤንዚን ሲሊኮን ውስጥ ሰርጎ ይነፋዋል። ሲተን ይመለሳል፣ ግን ከውስጡ ያልተያያዘውን የሲሊኮን ዘይት ይዞ ይወጣል። እጅህ ላይ ጠንከር አላለብህም? ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲሊኮን አይዝም፤ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቆዳህንም ይቧጥጣል።

ስለ መስኮቱ ሲሊኮን፦ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ነው አይደል? የሚገርምህ እኛም ስንጠግን ኮምጣጤ የሚሸት የሕክምና ማጣበቂያ አለን። ሽታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ሲደርቁ አሴቲክ አሲድ ይለቃሉ። የመስኮቱ ውስጥ ግን ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት የሚጨመርበት አለ። ያንን ጠዋት ማታ ቆዳህ ላይ አትለጥፍም። ልጁን አመስግነህ ሸኘው።

ሐዋሳ መነጽሯ፦

እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ የኔ የዓይን ነው። የዓይን ቆቡና ዙሪያው አብሮ ተሠርቶ ከመነጽር ጋር ተያይዟል፤ ጠርዙ ግን በሙጫ ይለጠፋል። ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በራሴ ሞኝነት ነው፤ ማታ ማታ እርጥቡን ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዘግቼ አስቀምጥ ነበር። ከውስጥ በኩል ጥቁር ነጥብ ነጥብ ወጣበት። ቆሻሻ መስሎኝ ብፈትግ ብፈትግ እምቢ። ለካ ሻጋታ ነው፣ ሲሊኮኑ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ማታ አወልቀዋለሁ፣ ተለጥፎ አያድርም። ለብ ባለ ውሃና በልስልስ ሳሙና፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ። አልኮል የለም፣ በረኪና የለም። ሙጫውን በጣቴ እያንከባለልኩ ነው የማነሳው፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ። ጠርዙን ይዤ አልጎትትም። ከዛ በንጹህ ጨርቅ አድርቄ ብርሃን የማይገባበት ሣጥን ውስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር ወንድሜ። ሁለት አሠራ፣ አንዱን ለበጋ፣ አንዱን ለክረምት። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ እኔ ቀላ እላለሁ፣ በጋ ላይ ሌላ ሰው ነኝ። ሲሊኮኑ አብሮኝ አይጠቁርም። እየቀያየርኩ ስለማደርጋቸው ሁለቱም ቆዩልኝ።

ናዝሬት ባጃጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። እውነት ነው፣ ጠንክሯል፤ ዝም ብዬ ነበር። እኔ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሲያሳክከኝ አውልቄ የባጃጁ የፊት መስታወት ሥር አስቀምጬ ነው የምተኛው። ፀሐይ ላይ!

የላብራቶሪው ሰው፣ ቀዳዳዋን ብቻ እናንተ ጋ መጥቼ ባስደፍንስ? ሁለት ማሠራቱ ለባጃጅ ኪስ ይከብዳል።

የላብራቶሪ ሰው፦

ቀዳዳው ይደፈናል፣ ግን ወራት ቢሰጥህ ነው። ያ የለቀቀው ቀለም መልሶ ቢቀባም ዕድሜው አጭር ነው።

ከዚህ ይልቅ ዛሬውኑ ሕንድ ደውልና ሞልዱ፣ ማለት ሲሊኮኑ የፈሰሰበት ቅርጽ ማውጫው፣ አለ ወይ በል። ካልጣሉት ያው ቅርጽ እንደገና ይፈሳል፤ ከባዱ ሥራ ቅርጹን ማውጣት ነበር፣ ስለዚህ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አያስወጣህም። ሞልዱን ላኩልኝ በል፣ ያንተ ጆሮ ነው። ራስህ ግን ለማፍሰስ አትሞክር። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን የላቴክስ ጓንት እንኳ ከነካው ውስጡ ባለው ሰልፈር ምክንያት አልጠነክርም ብሎ እንደ ማር ይቀራል።

ቀለም ሲመርጡልህ ደግሞ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ይሁን። በአምፖል የተመረጠ ጆሮ ውጪ ስትወጣ ሌላ ነው።

ናዝሬት ባጃጅ፦

ደወልኩ። ሞልዱ አለ። «የግራ ነው የቀኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን ትንሽ ፈራሁ።