ለወንድሜ ክሮስሊንኪንግ ይሠራለት ተባልን፣ እስከ ክረምት ብንቆይስ?

የኮዬዋ፦
ሰላም ቤቶች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍል። አምና የገዛንለት መነጽር ዘንድሮ አልሆን አለው፣ ቀየርንለት፣ እሱም ወር ሳይቆይ አስጠላው። ማታ የመኪና መብራት ይበተንብኛል፣ ፊደሉ ጥላ አለው ይላል። በመጨረሻ ኮርኒያውን (ጥርት ያለውን የዓይኑን የፊት ሽፋን) በማሽን ፎቶ አንስተው ኬራቶኮነስ የሚባል የኮርኒያ በሽታ ነው፣ በጠብታና በጨረር የሚሠራ ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና ያስፈልገዋል አሉን። ሁለቱም ዓይኑ ላይ አለ፣ ቀኙ ግን ይብሳል፣ የኮርኒያው ውፍረትም 455 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ተብሎ ተጽፏል። እማዬ «የልጄን ዓይን በጨረር አላስነካም» ብላ ድርቅ ብላለች። ከተሠራለት መነጽሩን ይጥላል? ያማል? ትምህርት እስኪዘጋ ብንጠብቅስ? ብሩንም እስክናሟላ ማለቴ ነው።

ሰሚት ሰፈር፦
እኔ ሁለቱንም ተሠርቻለሁ፣ ለየብቻ። ሲሠራ አያምም፣ ማደንዘዣ ጠብታ አለው። ጋደም ትያለሽ፣ ዓይንሽ እንዳይከደን ይያዛል፣ የኮርኒያውን ስስ የላይ ሽፋን ያነሱታል፣ ከዚያ ቢጫ ጠብታ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንጠባጠብበታል፣ ቀጥሎ መብራቱን እያየሽ ሌላ ግማሽ ሰዓት። ብርሃኑን ጠንከር አድርገው 10 ደቂቃ አካባቢ የሚጨርሱም አሉ። ጉዱ ማደንዘዣው ሲለቅ ነው! እንባው አይቆምም፣ አሸዋ የገባ ነው የሚመስለው፣ ብርሃን የሚባል ነገር ማየት አይቻልም። መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ነው፣ ማስታገሻውን በሰዓቱ። ጥቂት ቀን ነው፣ ያልፋል። መነጽሬን ግን አልጣልኩም።

የሰንዳፋው፦
እኔ ዓይን መነካካት አልወድም። ጠበል ውሰዱት፣ ካሮትም አብሉት። ስንቱ መነጽር እየቀያየረ ይኖር የለ እንዴ? ባይሆን ሲብስበት ኮርኒያው ይቀየርለታል።

መነጽር አስተካካዩ፦
ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ክሮስሊንኪንግ በሽታውን ለማስቆም ነው እንጂ እይታ ለመመለስ አይደለም። ይህን ሳይረዱ ተሠርተው «ተጭበረበርን» የሚሉ ብዙ ናቸው። በኬራቶኮነስ ኮርኒያው እየሳሳና ወደ ፊት እየሾለ ይሄዳል። ጠብታው ቫይታሚን ቢ2 ነው፣ ሪቦፍላቪን የሚሉት። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ሲያርፍበት በኮርኒያው ክሮች መካከል አዲስ ማያያዣ ይፈጠራል፣ ጭቃ ቤት ላይ ማገር እንደ መጨመር በይው። የጎበጠው በአብዛኛው እንደጎበጠ ይቀራል፣ መጉበጡን እንዳይቀጥል ግን ይያዛል። ስለዚህ መነጽር ወይም ጠጣር ኮንታክት ሌንስ ከዚያም በኋላ ያስፈልገዋል።

ለእናትሽ፦ ያው ቢ2 ጨረሩን መጥጦ ወደ ውስጠኛው ዓይን እንዳያልፍም ይከላከላል። ለዚህ ግን ኮርኒያው በቂ ውፍረት ይፈልጋል፣ በተለመደው አሠራር ቢያንስ 400 ማይክሮን። ወንድምሽ ዛሬ አለው። እየሳሳ ከሄደ ነገሩ ይወሳሰባል። ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፣ ጀርመን ድሬስደን ላይ በ1990ዎቹ ተጀምሮ በሰው ላይ የታየው ውጤት በ2003 ታትሟል፣ አሜሪካም በ2016 ፈቅዳለች (ሁሉም እ.ኤ.አ.)።

ክረምት ድረስ ያልሽው አልተዋጠልኝም። በ16 ዓመት ይህ በሽታ ከትልቅ ሰው ይልቅ ይፈጥናል፣ መነጽሩ በዓመት ሁለቴ አልሆን ማለቱም ራሱ ምልክት ነው። ከተሠራ በኋላ እይታው አንድ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊደበዝዝ ስለሚችል ፈተና ሲደርስ አይሆንም። እኔ ብሆን ሐኪሙን ቀኙን አሁን፣ ግራውን ክረምት ቢሆንስ ብዬ እጠይቃለሁ። በግራው እያነበበ ይቆያል፣ ብሩም ለሁለት ጊዜ ይከፈላል።

የሰንዳፋው ወንድሜ፣ ካሮቱን ይብላ፣ ማን ከለከለው፣ ኮርኒያ ግን አያጠነክርም። ጠበሉንም ይጠጣ፣ ቁስሉ እስኪድን ግን ማንኛውም ውኃ ዓይኑ እንዳይገባ፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ኮርኒያ መቀየር ደግሞ ከሞተ ሰው የሚገኝ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ያለ ለጋሽ ምን ያደርጋል? ክሮስሊንኪንግ የሚሠራው ልጁ እዚያ እንዳይደርስ ነው።

የኮዬዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእማዬ አነብላታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛ ሰፈር አቧራ ታውቁታላችሁ። ልጁ ከሕፃንነቱ አለርጂ አለበት፣ ቀን ከሌት ዓይኑን ያሻል። ሲብስበት ከፋርማሲ ጠብታ እንገዛለታለን።

መነጽር አስተካካዩ፦
ይሄን መጀመሪያ አትናገሪም እንዴ! ማሸት ኬራቶኮነስን ያባብሳል፣ ክሮስሊንኪንግ ተሠርቶለትም ማሸቱን ካልተወ ዋጋ የለውም። ሲያሳክከው ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ሽፋሽፍቱ ላይ ያድርግ። ከተሠራለት በኋላ ደግሞ የሚያደርጉለት መከላከያ ሌንስ እስኪወጣ ቤት ይቆይ፣ ከቤት ሲወጣም ጎኑ የተሸፈነ ጥቁር መነጽር ያድርግ። ጠብታውን ግን ስሙን እዪው፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል አለበት? እነዚህ ያለ ክትትል ሲቆዩ የዓይን ግፊት ይጨምራሉ፣ ሞራም ያመጣሉ። ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግፊቱንም እንዲለኩለት ንገሪያቸው።

የኮዬዋ፦
ዴክሳሜታዞን ይላል። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።