ለመጽሐፏ ምን እናድርግ? የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም የማኅበራችን ልጆች። የደራሲያችን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከማተሚያ ቤት የወጣው መጋቢት 2012 ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ወሩ ሳያልቅ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ብዙ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ምረቃውም ቀረ። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፤ ማን ያስታውሰው! አሁን እዚህ ደሴ፣ ወሎ ባህል አምባ አዳራሽ ሞልቶ፣ የክብር እንግዳ ተጠርቶ፣ በእልልታ ይመረቅላት እላለሁ። ሐሳብ ስጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሰይ! ግን አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባነር... ካዝናችንን ታውቁታላችሁ። ስፖንሰር ካልተገኘ አልፈርምም።

ደራሲዋ፦ ስላሰባችሁልኝ አላህ ይስጣችሁ። ግን ምረቃው ሲቀር እኔ እፎይ ነው ያልኩት። ኦቲዝም እንዳለኝ ታውቃላችሁ። የሰው ጫጫታና የማይክ ጩኸት አንድ ላይ ሲመጡብኝ ቃል ከአፌ አይወጣም። ያኔ መጨባበጡና መሳሳሙ ቀረ። «ዓይን ዓይኔን እያየሽ አውሪኝ» የሚለኝም ጠፋ። ሰው እየሞተ ተመቸኝ ማለት ይከብዳል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

የጎዳኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ እንደታሰረ ክፍሌ ውስጥ ተቆለለ። ፒያሳ ላይ መጽሐፍ የሚያዞሩት ልጆችም አልነበሩም። አንዲት የጎረቤት ልጅ ብቻ በበሩ ሥር ወረቀት አስገባችልኝ፤ «ምዕራፍ ሰባት ላይ እናትየው ለምን ዝም አለች?» ይላል። ገጽ ሙሉ መልስ ጻፍኩላት። አልተስማማችም፤ መልሳ ጻፈች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አዳራሹ ይቅርና እንደሷ ያለ አንባቢ ፈልጉልኝ።

ወጣት አባል፦ አብሽሪ እታለሜ! መጀመሪያ ሁላችንም እናንብብ። ጥያቄያችንን በወረቀት ጽፈን ከሳምንት በፊት እንስጥሽ። ማይክ የሚባል ነገር አይኖርም። ቀኑ መጋቢት 24 ይሁን፣ የዓለም የኦቲዝም ቀን ነው።

ደራሲዋ፦ እሱ ይቅርብኝ። በዚያ ቀን ከመጣችሁ ስለ እኔ ነው የምትጠይቁኝ። የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልክ ነሽ ልጄ። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ቤተሰብ ልጁን ይደብቅ ነበር። ዛሬ ስለ ልጆቹ መወራቱ ተመስገን ነው። ላደገው ሰው ግን ምን ይመቸዋል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰብሳቢ፣ የክብር እንግዳውንም ሰርዘው። ንግግሩ ሳያልቅ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሽ ከሌለ ስፖንሰርም አያስፈልግም። ገንዘቡ መጽሐፍ መግዣ ይሁን። ከእሷው፣ በሽፋኑ ዋጋ። ቅናሽ የሚል እንዳልሰማ!

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ትንሽ ክፍል፣ ያነበበ ሰው ብቻ፣ ጥያቄ በጽሑፍ። እልልታውስ?

ደራሲዋ፦ ቀድማችሁ ከነገራችሁኝ እችለዋለሁ። ሰዓቱም እንደዚያው። ስምንት ሰዓት ከተባለ ስምንት ሰዓት።

ገንዘብ ያዥ፦ ደሴ ላይ? ይኼስ ከስፖንሰሩም ይከብዳል።

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የሚቃወም እስከ ዓርብ ይጻፍ።