የምክንያቶች ሰንሰለት የግድ መጀመሪያ ያስፈልገዋል?

የሒሳብ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የቁጥር መስመር አሰመርኩ። መሃል ላይ 0፣ በስተግራ -1፣ -2፣ -3 እያልኩ ሄጄ ጫፉ ላይ ቀስት አደረግኩ። ከኋላ የሚቀመጥ ተማሪዬ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዜሮ ዛሬ ቢሆን፣ በግራ ያሉት ደግሞ ያለፉት ቀናት ቢሆኑ፣ ቀስቱ ማቆሚያ ከሌለው ዛሬ ላይ እንዴት ደረስን?» አለኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ነገር ሁሉ ምክንያት አለው እንላለን። ምክንያቱም የራሱ ምክንያት አለው። ይሄ ያለ ማቆሚያ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል? «አይቻልም» ልለው ነበር፤ ግን ለምን እንደማይቻል ሳስበው ማስረጃ አጣሁ። ስለ እምነት አይደለም የምጠይቀው። ክርክሩ በራሱ እግር ይቆማል ወይ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ተማሪሽ ትልቅ ነገር ነው የነካው። የእስልምናው ሊቅ አል-ጋዛሊ (1058–1111) ዓለም መጀመሪያ አላት ብሎ በፕላኔቶች ተከራክሮበታል። ሳተርን አንድ ዙር ለመጨረስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ጁፒተር 12 ገደማ። ሁለቱም ያለ መጀመሪያ ሲዞሩ ከኖሩ የሁለቱም ዙር ማለቂያ የለውም። ግን ጁፒተር ምንጊዜም ከሁለት እጥፍ በላይ ይዞራል። ይህ እንዴት ይሆናል? ነው ነገሩ።

የሒሳብ ሊቁ ካንቶር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ቋጠሮ ፈታው። መቁጠሪያ ቁጥሮችን 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ደርድሪ። ከሥራቸው ተጋማሾቹን 2፣ 4፣ 6 አስቀምጪ። አንድ ለአንድ ይገጥማሉ፤ ከሁለቱም ወገን የሚተርፍ የለም። ማለቂያ በሌለው ነገር ላይ «እጥፍ» እና «እኩል» አይጣሉም።

አሁን ወደ ሰሌዳሽ ተመለሺ። በግራ በኩል የፈለግሽውን ቁጥር ምረጪ፣ -1,000,000 ይሁን። ከዚያ እስከ 0 ያለው መንገድ ያልቃል። የትኛውንም ብትመርጪ ያልቃል። ከዜሮ ማለቂያ በሌለው ርቀት ላይ የተቀመጠ ቁጥር አንድም የለም። ልጁ «እንዴት ደረስን» ሲል ሳያውቀው አንድ መነሻ ነጥብ በሩቅ አስቀምጧል። መስመሩ ግን መነሻ የለውም።

ሰዓት ጠጋኝ፦
እህቴ፣ እኔ ሰላሳ ዓመት ሰዓት ስጠግን ኖሬያለሁ። ቁጥሩን ለወንድሜ ልተውለትና የማውቀውን ልናገር። የእጅ ሰዓት ክዳን ሲከፈት የሰከንዱን ቆጣሪ የሚያዞር ጥርስ ይታያል። እሱን ሌላ ጥርስ ያዞረዋል፣ ያንንም ሌላ። መጨረሻ ላይ ሞላው አለ። ሞላው ከተበጠሰ ሁሉም እዚያው ፀጥ ይላሉ። ጥርሶቹን ሺህ ብታደርጊያቸው፣ ማለቂያ ብታሳጫቸው፣ ያለ ሞላ አንዱም ንቅንቅ አይልም። አንዱም የራሱ ጉልበት የለውማ።

አባትና ልጅ ግን እንዲህ አይደሉም። አባት ቢሞትም ልጁ የራሱን ልጅ ይወልዳል። የክርስትናው ሊቅ ቶማስ አኳይናስ (1225–1274) ይህን ልዩነት አጥብቆ ይዟል። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በእምነት ይቀበላል፤ በአመክንዮ ብቻ ማረጋገጥ ግን አይቻልም ይላል። በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ «ወላጆቼን ማን ፈጠራቸው?» እያለ እስከ መጀመሪያዎቹ ወላጆች ይወጣል። ሐተታውን እወደዋለሁ፤ የወላጅ ሰንሰለት ግን ከጥርሶቹ ይልቅ የላላ ይመስለኛል።

አንድ አንባቢ፦
እኔ ደግሞ የስኮትላንዱ ፈላስፋ ሁም (1711–1776) ያለውን ላንሳ። ሃያ ቅንጣቶች አሉ እንበል። የእያንዳንዷን ምክንያት ካሳየሁህ በኋላ «የሃያዎቹ በአንድነትስ?» ብለህ መጠየቅህ ትርጉም የለውም ይላል። አይዋጥልኝም። ስልኬ ላይ ከሰው ወደ ሰው ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ይደርሰኛል። ማን ላከልህ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ፤ ለእሱም የላከለት አለ። ሰንሰለቱ ማለቂያ ባይኖረውም እያንዳንዱ ላኪ ይታወቃል። መልእክቱ ውስጥ ግን ለምን እነዚህ ቃላት ኖሩ? ለምን ሌላ ቃል አልሆነም? ላኪ ብትደረድሩ ይህ አይመለስም።

የሒሳብ መምህርት፦
አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ነገ ጠመኔውን ለልጁ እሰጠውና «ከየትኛው ቁጥር ተነስተህ ነው ዜሮ ላይ መድረስ ያቃተህ?» እለዋለሁ። ሲፈልግ ያየዋል። የእርስዎ ሰዓት ግን አልለቀቀኝም፣ ጋሼ። ሞላውንም እኮ የሚሞላው እጅ ነው። እጁንስ?

ሰዓት ጠጋኝ፦
እሱ ነው ዋናው። እኔ «መጀመሪያ» ስል በቀን የቀደመ ማለቴ አይደለም። አሁን፣ በዚህች ሰከንድ፣ ከማንም ሳይቀበል የሚሰጥ ማለቴ ነው። እጅም ሞላም እንደዚያ አይደሉም፤ ሁለቱም ተቀባይ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰጪ ምን ዓይነት እንደሆነ ከሰዓት ሆድ ውስጥ አይገኝም። ጥርስ በጥርስ ላይ መደርደር ብቻውን እንደማይበቃ ግን ሞላው የተበጠሰ ሰዓት ይዞልኝ የመጣ ሰው ሁሉ አሳይቶኛል።