የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዜና ማንበብ ይተው?

የጅማዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪም ነኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይኩ ከጮኸ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

በቅርቡ አንዷ የክበባችን ልጅ «ብሔራዊ ፈተናው ተራዝሟል» የሚል ዜና አነበበች። አሥራ ሁለተኞች በደስታ ጮኹ። እረፍት ሳይደርስ ወላጆች መደወል ጀመሩ። ልጅቷ ዜናውን ያገኘችው ከቴሌግራም ነው። ከፍቼ ሳየው ደግሞ ፈጠራ አይደለም። በ2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፈተናው ተራዝሞ ነበር አይደል? የዚያን ጊዜ ጽሑፍ ነው። አንድ ቻናል ቀኑን ቆርጦ እንደ አዲስ ለጥፎታል። የኛዋ ደግሞ እንዴት አሳምራ አነበበችው! የድምፅ አጣጣሏን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በሱ እንኳን እኮራለሁ።

ዳይሬክተራችን ወዲያው ወሰኑ። ከእንግዲህ ማስታወቂያ፣ ግጥምና የዕለቱ ጥቅስ ብቻ፤ ዜና የለም። ዩኒት ሊደሩ ደግሞ ስልክ ግቢ ውስጥ እንዳይታይ አሉ።

ይሄ አልተዋጠልኝም። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ገደማ ያ ስክሪን ክፍላችን ሲገባ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱን ጽፈን ሳንጨርስ ያልፋል። መምህራችን ጥግ ይዞ እንደኛው ያያል። ቆይ፣ አልገባኝም ብትል የሚሰማህ የለም። የዛሬ ተማሪዬ ግን ያልገባትን ፊዚክስ ዩቲዩብ ላይ አቁማ፣ መልሳ ታያለች፤ መብራትና ዳታ ካለ ማለቴ ነው። የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍም ብዙዎቹ የሚያነቡት በስልካቸው፣ ከቴሌግራም ባወረዱት ፒዲኤፍ ነው። ታዲያ ስልኩን ከግቢ አስወጥቼ ምን ላስተምር?

በሌላ በኩል ግን ሰልፍ ላይ የምናነበውን ዜና ልጆቹ ማታውኑ አይተውት አድረዋል። ማን ይሰማናል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የድሮ ሪፖርተር

መምህርት፣ እኔ ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ዜና ከኔ ደብተር ወደ አዘጋጁ፣ ከሱ ወደ ዋና አዘጋጁ ይሄድ ነበር። «ማን ነገረህ? መቼ?» ሳይሉኝ ያለፈ ዜና አላስታውስም። አንዳንዴ ያናድዱኝ ነበር፣ ግን ደመወዛቸው ለዚያ ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ ብቻዋን ሪፖርተርም፣ አዘጋጅም፣ ጋዜጣ አዟሪም ናት። ስለዚህ ዜናውን አይዝጉት፤ አዘጋጅ ይሹሙለት። ከክበቡ አንድ ተጠራጣሪ ልጅ ይምረጡ። በየክፍሉ አንድ ክርክር የማይሰለቸው አይጠፋም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉ ፎርዋርድ የተደረገ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ከማን እንደመጣ ይጽፋል፤ ያንን ተጭኖ ወደ ምንጩ መሄድ። የቻናሉን ስም ሳይሆን ዩዘርኔሙን ፊደል በፊደል ማየት፤ የትምህርት ሚኒስቴርን ዓርማ የለጠፈ ሁሉ ሚኒስቴሩ አይደለም። ከዚያ የሚኒስቴሩ የራሱ ገጽ ላይ መፈለግ። ፎቶ ከሆነ በጉግል ሌንስ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ማየት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ ውሸት ነው» ብላችሁ እንዳታስተምሯቸው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ተሰርዟል። የፈተና ወሬ እውነት የሆነበት ጊዜ ስላለ ነው ልጆቹ ዛሬም የሚያምኑት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን፣ 1185/2012ንም እየጠቀሳችሁ አታስፈራሯቸው፤ የፈራ ልጅ መጠየቅም ያቆማል።

የሁለት ልጆች አባት

እኔ ከዳይሬክተሩ ጋር ነኝ። ልጄ ስልኬን ይዛ «እያጠናሁ ነው» ትለኛለች፣ ዞር ስል ቲክቶክ ነው። ካርዱን የምሞላው እኔ! ደግሞ ስልክ የሌለውስ ልጅ? ፒዲኤፍ ላክንልህ ስትሉት በምን ይክፈተው?

የቀድሞ ሚኒ ሚዲያ፣ አሁን ጅማ ዩኒቨርሲቲ

ቲቸር፣ እባክዎ ዜናውን እንዳያስቀሩት። እኔ ሰው ፊት መናገር የለመድኩት በዚያ በሚጮህ ማይክ ነው።

ግን የአዲስ አበባን ዜና ለምን ታነባላችሁ? እሱን ስልኩ ይነግራቸዋል። ስልኩ የማይነግራቸውን ያምጡላቸው። አዌቱ ወንዝ ዳር ቆሻሻ የሚጥለው ማነው? ላይብረሪው ምሳ ሰዓት ለምን ይዘጋል? ጥቅምትና ኅዳር ሲደርስ እሸት ቡና በኪሎ ስንት ገባ፣ ከነቅርፊቱ የደረቀው ጀንፈሉስ? ከአጋሮ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አባታቸውን በስልክ ጠይቀው ያመጡታል። እመኑኝ፣ ያንን ዜና መምህራኑም ቆመው ይሰማሉ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነበብ፤ እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ሌላው ቻትጂፒቲ ነው። ወንድሜ አሁን ክበብ ውስጥ ነው። የልጆቹ ጽሑፍ ሁሉ «በዛሬው ዓለም» ብሎ ይጀምራል አለኝ። የላይብረሪውን ሠራተኛ ሄዶ ማናገርን ግን ቻትጂፒቲ አይሠራላቸውም።

የጅማዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሁለት ልጆች አባት፣ ስልክ ስለሌለው ልጅ ያነሱት እውነት ነው። በኔ ክፍልም አሉ። እንደነዚህ ላሉት ወሳኙን ምዕራፍ አሳትሜ ላይብረሪ አስቀምጣለሁ፤ ወረቀት ሲገኝ ነው ታዲያ። ስለ ቲክቶኩ ግን ምንም ልረዳዎ አልችልም፣ እኔም ቤት አለ።

ዳይሬክተሩን ዛሬ አናገርኳቸው። የግቢና የከተማ ዜና ብቻ፣ ያውም እኔ ከፈረምኩበት በኋላ፣ ብለው ፈቅደዋል። ከመፈረሜ በፊት ልጆቹ ማንን እንዳናገሩና መቼ እንደሆነ ወረቀቱ ግርጌ ይጽፋሉ። ዜና አንባቢያችን ያቺው ልጅ ናት፤ አልቀየርኳትም። ተጠራጣሪውንም አግኝቻለሁ። ውጤት በሰጠሁ ቁጥር ነጥቡን ደምሮ የሚያመጣልኝ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ዜና የላይብረሪው ይሆናል። ሠራተኛዋ ለልጆቹ የሰጠችውን መልስ ሰምቻለሁ፤ ዳይሬክተሩ ብዙም የሚወዱት አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ መርካቶ አካባቢ አምፕሊፋየር በደንብ የሚጠግን የምታውቁ አላችሁ? የኛው አሁንም ይጮሃል።