«ሜቲ ላ ሮባ ኢን ማኪና»፦ የትኛው መኪና ውስጥ?

የሮሟ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ሮም ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው፤ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። አሁን አንድ ፌስታል አስይዘውኝ «ሜቲ ላ ሮባ ኢን ማኪና» አሉኝና ስልክ ማውራት ጀመሩ። ልጃቸው ታች መኪና አስነስቶ ቆሟል። እዚህ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሁለቱም ማኪና ነው አሉ። ሮባ ደግሞ ልብስም ነው፣ ዕቃም ነው። የቱ ጋ ልክተተው?

በቅሎ ቤት፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ቃሉ የጣልያን አይደለም። ግዕዝ ነው። «መከነ» በይ። በቅሎ መካን ናት፣ አትወልድም። መኪና ስትመጣ የበቅሎን ቦታ ያዘች። እሷም አትወልድም። ስለዚህ መኪና ተባለች። አለቀ።

ዲያቆን ነኝ፦ ተጀመረ ደግሞ። ወንድሜ፣ «መካን» ቦታም ማለት ነው። በአንተ አካሄድ መካነ ሰላም ያልወለደ ሰላም ሊሆን ነው። ቦታው ከ«ኮነ» ነው፣ የማትወልደው ከ«መከነ»። ይህን ሳይለዩ ግስ ወረድኩ አይባልም።

በቅሎ ቤት፦ የት ነው የተማርከው? ስምህ ላይ ዲያቆን ስለጻፍክ?

የጋራዡ ልጅ፦ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ ሁሉ ከጣልያን መጥቶ መኪናዋ ብቻ ከዋልድባ መጣች?

ጋሼ ሚላኖ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። 30 ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። ላቲኑ «ማኪና» ከግሪክ የተወሰደ ነው። ግሪኮቹ በቴአትር መድረክ ላይ አማልክትን በገመድ የሚያወርዱበት ማንሻ ነበራቸው፣ ስሙ «ሜካኔ»። ዛሬ ጣልያን ዝም ብሎ ማኪና ካለ የቤት መኪና ነው። «ማኪና ፎቶግራፊካ» ካለ ካሜራ። «ባቴሬ አ ማኪና» መተየብ ነው። ጋዜጣ «ቫ ኢን ማኪና» ከተባለ ማተሚያ ገባ ማለት ነው እንጂ ታክሲ ተሳፈረ ማለት አይደለም። መጀመሪያ እኔም ተሳፈረ መስሎኝ ነበር። ቪቴርቦ ሄዳችሁ «ማኪና» ብትሉ ደግሞ የቅድስት ሮዛን ይመስላቸዋል። 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ግንብ መሳይ ነው፣ 50 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 3 ማታ መቶ ያህል ወንዶች በትከሻቸው ተሸክመው ከተማውን ያዞሩታል። ሞተር የለው፣ ጎማ የለው፣ ስሙ ግን ማኪና።

ዲያቆን ነኝ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግሪኩ ከገባ ግን «ምክንያት»ም ዘመዱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም፣ ግን ድምፁን አድምጡት።

የጋራዡ ልጅ፦ እኔ እቀበላለሁ። አርፍዶ የመጣ ሁሉ የሚያመካኘው በመኪና ነው።

በቅሎ ቤት፦ 😂 ይቺ እንኳ ገባችኝ።

ጥልፍ ወዳጅ፦ እኛስ ብንሆን? ሽሮ ሜዳ ቀሚስ አንስተሽ «የእጅ ነው የመኪና?» ስትይ ሻጯ ጎማ አታስብም። እናቴ ደግሞ «መኪናዬን አትንኩ» ካለች የስፌቷ ናት። ቢሮ የሠራ የድሮ ሰው የጽሕፈት መኪና ይላል። ቃሉን ስንወስድ ከነጓዙ ነው የወሰድነው።

ጋሼ ሚላኖ፦ ልክ ነሽ ልጄ። ፆታዋም ሴት ናት። አውቶሞቢል ወንድ ናት ሴት ሲባባሉ ቆይተው ባለቅኔው ዳኑንዚዮ በ1920 ለፊያቱ አኜሊ ደብዳቤ ጽፎ ሴት ናት አለ።

የጋራዡ ልጅ፦ ደብዳቤ ምን አስፈለገ? ጠዋት ጠዋት «አልነሳ አለችኝ» የሚለውን ሾፌር መጠየቅ ነበር።

ዲያቆን ነኝ፦ ማኪያቶስ? እሱም ከማኪና ነው አሉኝ፣ በማሽን ስለሚፈላ።

ጋሼ ሚላኖ፦ ኧረ በፍጹም! «ማኪያ» ነጠብጣብ፣ እድፍ ነው። ማኪያቶ ማለት ወተት ጠብ ብሎበት የቆሸሸ ቡና እንደማለት። ይኸው፣ የሮሟ ልጄ፣ መፍትሔው መጣልሽ። ፌስታሉን ክፈቺው። ማኪያ ካለው ማጠቢያው ውስጥ ነው።

በቅሎ ቤት፦ ይህማ ቅኔ ነው። እኔ ግን ማጠቢያውም አይወልድም ባይ ነኝ።

የሮሟ፦ ከፈትኩት። ሁለት የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት፣ በፎይል የተጠቀለለ ላዛኛ። ላዛኛው ፈሶ አንደኛው ሸሚዝ ላይ ማኪያ አለ። አሁንስ?

ዲያቆን ነኝ፦ «ሮባ» ራሱ ሥሩ ምንድን ነው ግን?

በቅሎ ቤት፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ የበቅሎዋ ነገር ይለቅ።

የሮሟ፦ ጥሩምባ እየነፋ ነው።