«በቀል የእኔ ነው» ይላል፣ እሺ መቼ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቢሮ ነው የምሠራው። ምሳ ሰዓት ላይ ስለምጸልይ «ጻድቋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል፣ እሱስ ይሁን ለምጄዋለሁ፣ አሁን ግን አለቃዬ «አንቺን ጸሎትሽ ይበቃሻል» ብሎ ከሥልጠና ዝርዝር አወጣኝ። «በቀል የእኔ ነው» የሚለውን ሮሜ 12፥19ን አውቀዋለሁ። ግን ውስጤ ተቃጠለ።

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስቢ። በ1971 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ደርግ አፍኖ ገደላቸው፣ አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። ባለቤታቸውም ለዓመታት ታስረዋል። እግዚአብሔር ግን አልረሳም።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ገብቶ የለ እንዴ? ፍርድ ቤቱ እሱ ራሱ በሌለበት ፈረደበት፣ በቃ። «ፍትህ መጣ» ለማለት አትቸኩል። እኔ የማምነው በዓይኔ ስላየሁ አይደለም፣ ፈራጁን ስለማውቀው ነው።

መልስ 3፦ ለእግዚአብሔር መተው ማለት እኮ አፍን መዝጋት አይደለም። ጳውሎስ ራሱ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፣ ሐዋርያት ሥራ 25ን አንብቢ። አቤቱታሽን በጽሑፍ ለሰው ኃይል አስገቢ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። ስድቡን ብቻ አትመልሺ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ሰኞ አስገባለሁ። ለአለቃዬ መጸለዩ ግን... እውነቱን ልናገር፣ ገና አልሆነልኝም።